ከነእንቁላሏ የበላናት ዓሣ

እኔና ጓደኛዬ ኪሄይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአንድ ወንዝ ዳር አልጠፋንም። እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ የእረፍት ቀኔ ሰኞ ነው። እሱ ደግሞ ለሰኞ ብሎ የፋብሪካ ፈረቃውን አስቀይሮ ነበር። እናጠምዳት የነበረችው አዩ የምትባል ትንሽ ዓሣ ናት። ዕድሜዋ አንድ ዓመት ነው፤ በመከር ወደ ወንዙ ታችኛው ክፍል ወርዳ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ሥር ያለው ጠጠር ላይ እንቁላሏን ጥላ ትሞታለች። እኛም እዚያው ጠጠር ላይ ቆመን እንጠብቃት ነበር። ከነእንቁላሏ በጨው የተጠበሰች አዩ ያልቀመሰ ሰው፣ መከር መግባቱን በምን ያውቃል እንል ነበር።

አንድ መከር የወንዙ ማኅበር ሠራተኛ ሱጊኖ ቅጽ ይዛ መጣች። ማኅበሩ ጠጠሩን በመከር ለአጥማጅ ሊዘጋ አስቦ የአጥማጆችን ሐሳብ ይጠይቅ ነበር።

«ጋሼ፣ ወንዝ የሚመጡት ለምንድን ነው?»

«ለዓሣ ነዋ! ፊቴን ልታጠብ የምመጣ መሰለሽ?» አላት ኪሄይ።

«እንቁላል የያዘችውን ዘንድሮ ከበሏት ለከርሞ ምን ያጠምዳሉ?»

«ይህ ወንዝ መቼ ነጥፎ ያውቃል፣ ልጄ? አባቶቻችንም ሲበሉ ነው የኖሩት።»

እኔም ስቄ አጀብኩት። ሁለታችንም «አይዘጋ» ብለን ጻፍን። ብዙው ሰው እንደኛ ስለጻፈ ሳይዘጋ ቀረ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ዓሣዋ ዓመት ዓመት በቁጥር እያነሰች ሄዳ በሦስተኛው ዓመት ወንዙ ባዶ ሊባል ደረሰ። እኛ ግን ሰኞ ሰኞ መሄዱን አልተውንም። የኪሄይ ሚስት የጠቀለለችልንን ሩዝ ተካፍለን፣ እሱ መላጣዬን ሲተርበው ውሎ፣ ባዶ ቅርጫታችንን ይዘን እንመለስ ነበር። አንድ ሰኞ ግን ኪሄይ ባዶ ቅርጫቱን አየና፣

«አንተ፣ ዓሣ ከሌለ ለምን እንመጣለን?» አለኝ።

«እኔ እንጃ። አንተ ስለምትመጣ ነዋ።»

«እኔም እኮ አንተን ብዬ ነው የምመጣው። ያቺን ቅጽ ይዛ የመጣችውን ልጅ ዋሸኋት።»

በረጠበ ቦቲው በቀጥታ ማኅበሩ ቢሮ ሄደ። አዲስ ቅጽ ተቀብሎ፣ «የምመጣው ከጓደኛዬ ጋር ለመዋል ነው። ጠጠሩን ዝጉት» ብሎ ጻፈ። እኔም ከሥሩ ፈረምኩ። ከዚያ በኋላ አጥማጆቹን ቤት ለቤት እየዞረ ለመነ፤ የሰደቡትም ነበሩ። በቀጣዩ መከር ጠጠሩ ተዘጋ።

ዓሣዋ ጥቂት በጥቂት ስትመለስ ግን ኪሄይ በሕይወት አልነበረም። በመከር ሰኞ ሰኞ ጠጠሩን የምጠብቀው እኔ ነኝ። አዩዎቹ ሲርመሰመሱ ሳይ ልነግረው ዞር እላለሁ።

ወገኖቼ፣ ውሃ ዳር ስትወርዱ የምትወዱት ምኑን እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ለኛ ባዶ ቅርጫት ይዘንም ቢሆን አብረን መዋሉ ይበቃን ነበር፤ ያንን ያወቅነው ግን ዘግይተን ነው።