የተገኘ ሁሉ

«ተይው ቁንጫ፣ እንቅልፍ ነው! ሲያንኮራፋ አትሰሚም እንዴ?» አለ የአክስቷ ልጅ፣ አንድ እግሩን ከበሩ ውጭ አድርጎ።

ቁንጫ ትሰማለች። የምትሰማው ግን እንቅልፍ አልመስል ብሏታል። የትምህርት ቤቱ ቡድን ግብ ጠባቂ፣ ሁሉም «ግንቡ» እያለ የሚጠራው፣ በስፖርት ዕቃ ክፍሉ ፍራሽ ላይ በጀርባው ተዘርሯል። አንዴ ያንኮራፋል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ዝምታው ይረዝምና ደግሞ ጉሮሮው ውስጥ ውኃ የሚፈላ ይመስል ይንተከተካል። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል።

ቁንጫ ያሏት መቀመጥ ስለማይሆንላት ነው። ወንበሯ ላይ እሾህ የበቀለ ይመስል ስትነሣ ስትቀመጥ መምህራኑን ታማርራለች። አሁንም ኳስ ልትመልስ ከአክስቷ ልጅ ጋር ስትገባ ነው ግንቡን እንዲህ ሆኖ ያገኘችው። አጠገቡ ግማሽ ክኒን ወድቋል። ጠዋት፣ «ለጉልበቴ የሚሆን ማስታገሻ ከአንድ ልጅ ገዛሁ፣ ቆንጆ ነው አሉኝ» ሲል ሰምታዋለች።

«ግንቡ! ተነሥ!» ደረቱን በጡጫዋ አጥብቃ አሸችው። ንቅንቅ አላለም።

«ሲስተርን ጥራቸው!»

«አበድሽ? ደንቡስ? ‹አደንዛዥ ዕፅ ባለበት የተገኘ ሁሉ ይባረራል!› አባቴ ይገድለኛል።»

ደንቡን እንዴት ትረሳለች! ባለፈው ወር በተማሪዎች ምክር ቤት እጇን አውጥታ፣ «‹የተገኘ ሁሉ› ካላችሁ እኮ የሚተርፈው የሸሸው ብቻ ነው። እርዳታ የጠራ አይቀጣም የሚል ይጨመርበት» ብላ ነበር። የትምህርት ቤቱ ነርስ፣ ሲስተር፣ ደገፏት። መንገድ ላይ በሚሸጠው የሐሰት ክኒን ውስጥ ትንፋሽ የሚያቆም ነገር እየተቀላቀለ መሆኑን፣ አፍንጫ ውስጥ የሚነፋ ማርከሻ መኖሩንም ተናገሩ። ምክትል ርእሰ መምህሩ ግን ሰዓታቸውን አየት አድርገው፣ «እስከ ዛሬ አንድም ተማሪ ጠርቶ አያውቅም። ለሌለ ሰው ደንብ አይወጣም» አሉ። ነገሩ በዚያው ተዳፈነ።

ግንቡ ዝም አለ። አሁንስ ዝምታው በጣም ረዘመ።

ቁንጫ ስልኳን አወጣች። «ኧረ በናትሽ!» አለ የአክስቷ ልጅ። ከዚያ የሩጫው ኮቴ ብቻ ተሰማ። ተናደደችበት፤ ግን ልትፈርድበትም አልቻለችም፣ የእሷም እግር ወደ በሩ እየሳባት ነበር።

«አገጩን ቀና አድርጊ፣ አፍንጫውን ያዢና ትንፋሽሽን ስጪው» አሉ ሲስተር በስልክ። «መጣሁ!»

ሰጠችው። ደረቱ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ደግማ ሰጠችው። ራሷን እስኪያዞራት ድረስ ስትሰጠው ሲስተር እየሮጡ ገቡና ማርከሻውን አፍንጫው ውስጥ ነፉለት።

ጥቂት ቆይቶ ግንቡ በረጅሙ ተነፈሰ፣ ሳለ፣ ዓይኑን ገለጠ።

«ጎል ገባብን እንዴ?»

ቁንጫ ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡባት።

«ገና ነው፤ የማርከሻው ኃይል ሲያልቅ ትንፋሹ እንደገና ሊቆም ይችላል» አሉ ሲስተር። «አምቡላንስ ጠርቻለሁ።» ከኮሪደሩ የምክትል ርእሰ መምህሩ ጫማ ሲንኳኳ ተሰማ። ሲስተር ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በጓሮው በር ውጪ፣ የኔ ልጅ። ያገኘሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ትምህርትሽን ልትጨርሺ ምን ቀረሽ?»

ቁንጫ ቦርሳዋን አነሣች። የጓሮው በር ገርበብ ብሏል። እናቷ የመባረሪያውን ደብዳቤ ስታነብ ታያት። እግሯን በላት። ሁለት እርምጃ ሄደች።

ለሌለ ሰው ደንብ አይወጣም።

አሁን ከወጣች የጠራ ተማሪ የለም። ነገ ሌላ ልጅ እንዲህ ሲያንኮራፋ ጓደኞቹ ደንቡን አስታውሰው ይሮጣሉ።

ምክትል ርእሰ መምህሩ እያለከለኩ ገቡ። «ማን ነው እዚህ የተገኘው?»

ሲስተር አፋቸውን ሲከፍቱ ቁንጫ ተመልሳ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። ፍራሹ ጫፍ ላይ፣ ከግንቡ አጠገብ ተቀመጠች።

«የጠራሁት እኔ ነኝ» አለች። ከዚያም እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ሳትቁነጠነጥ፣ የሚሏትን ጠበቀች።