ሁለቱ ቀይ ገመዶች

«ከዛሬ ጀምሮ እጅሽ ይህን መኪና እንዳይነካ!»

ሙሀመድሰይድ ይህን ብሎ ከጠዋት ጀምሮ አልነሳ ያለውን መኪና በር በኃይል ወረወረው። በሩ ተላትሞ ተመልሶ ተከፈተ። ሌላ ቀን ቢሆን ልጁ ሳሊሀ በሳቅ ትፈርስ ነበር። ዛሬ ግን ፊት ለፊቱ ቆመች።

«አባ፣ ወላሂ እኔ አይደለሁም! ትናንት የባትሪውን አናት በሙቅ ውኃ አጠብሁት እንጂ አልፈታሁትም። አንተው አይደለህ ያዘዝኸኝ?»

«ታዲያ ማን ፈታው? ጂኒ ነው? ኢብሮ ገመዱን ስትፈታ አይቻታለሁ ብሏል።»

ታላቅ ወንድሟ ኢብሮ ግድግዳውን ተደግፎ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ቀና አላለም። ሙሀመድሰይድ በግቢው የተከመረውን የሽንኩርት ጆንያ በብስጭት አየና መካኒክ ፍለጋ ወጣ። ሽንኩርቱ ዛሬ ዋጃ ገበያ ካልደረሰ ገዢው ከሌላ ሰው ይወስዳል።

መኪናውን የሰፈሩ ሰው «ጉራማይሌ» ይለዋል። ቦዲው የአንድ አሮጌ ፒክአፕ፣ ሞተሩ ደግሞ የሌላ መኪና ነው። እንግዳው ሞተር ቦታውን ሁሉ ስለያዘው ባትሪው ከኮፈኑ ሥር ተሰድዶ ከጋቢናው ወንበር ሥር ተጠለለ። ለዚያ ረጅም ገመድ ሲፈለግ ቆቦ ገበያ ላይ የተገኘው ቀይ ብቻ ስለነበር ሁለቱም ገመዶች ቀይ ናቸው። ሙሀመድሰይድ እንዳይምታታበት ከአሮጌ ሽርጡ ቁራጭ ቀድዶ በፖዘቲቩ ገመድ ላይ አሰረ። «ሽርጥ ያለው ከመደመር ምልክቱ ጋር» ብሎ ነበር ሳሊሀን ማስተማር የጀመረው። ከዚያ ወዲህ ዘይት መቀየሩንም፣ ፊውዝ መፈተሹንም ለምዳለች። የክፍሏ ልጆች እጇ ላይ የሞተር ቅባት አይተው «ግራሶ» እያሉ ሲጠሯት ደስ ይላታል እንጂ አታፍርም። ይህ ሁሉ በአንድ ውሸት ሊቀር? ሳሊሀ እያለች!

ወንበሩን ብድግ አደረገችው።

«አትንኪ አለሽ እኮ!» አለ ኢብሮ።

«ሰምቻለሁ።»

ሽርጡ ከገመዱ ላይ የለም። ዙሪያዋን ስትቃኝ ሰማያዊ መስመር ያለው ያው ቁራጭ በኢብሮ ብስክሌት የዕቃ መጫኛ ላይ ታስሮ አየችው። ሄዳ ፈታችውና ፊቱ ላይ አንጠለጠለችው።

«ባትሪውን ማታ የት ወሰድኸው?»

ኢብሮ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «የጎረቤት ሰርግ ላይ መብራት ጠፋ። ስፒከሩ ዝም ሲል ሰው ሊበተን ሆነ። ምን ላድርግ? መልሼ ሳስረው ብልጭ አለና ፀጥ አለ። አባ ይገድለኛል! አንቺን ግን ይወድሻል፣ ቶሎ ይረሳዋል ብዬ ነው።»

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!» ንዴቱ እስከ ጆሮዋ አቃጠላት። «እሱን ፈርተህ በእኔ ላይ ጣልኸው?»

ወደ ባትሪው ተመለሰች። አንደኛውን ገመድ በጣቷ እየዳሰሰች እስከ መጨረሻው ተከተለችው። ጫፉ በመኪናው ብረት ላይ በብሎን ታስሯል። እንዲህ ከብረቱ የሚታሰረው ገመድ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ነበር መገናኘት ያለበት፤ ኢብሮ ግን ከመደመር ምልክቱ ጋር አቆራኝቶታል። ሁለቱንም ፈታች፤ አቀያይራ አሰረች፤ ሽርጡንም ወደ ቦታው መለሰች። ቁልፉን ብታዞር ምንም የለም። ዋናውን ፊውዝ ስትነቅለው ውስጡ ጠቁሮ ተበጥሷል።

«ሽቦ ጠቅልይበትና ይነሳ! ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አለ ኢብሮ።

«መኪናው ሲቃጠል ሳሊሀ አቃጠለችው ልትል?»

አባቷ በዳሽቦርዱ ኪስ ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን ፊውዝ አውጥታ ተካች፤ ወንበሩን መልሳ ተቀመጠችና ቁልፉን አዞረች። ጉራማይሌ ሁለት ጊዜ አስሎ ተነሳ! ኢብሮ ዘለለ። ሳሊሀ ግን ዓይኗ ከዳሽቦርዱ ላይ አልተነሳም። ባትሪ የተሳለባት ትንሿ ቀይ መብራት አልጠፋችም። ቤንዚኗን ረገጥ፣ ለቀቅ አደረገች፤ መብራቷ ወይ ፍንክች። ገመዱ ሲገለበጥ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞም ተቃጥሏል ማለት ነው። መኪናው ከእንግዲህ የሚሄደው በባትሪው ውስጥ በቀረው ኃይል ነው።

«አታካብጂ በቃ!» አለ ኢብሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አምፖሏን ንቀያት። ነገ ሲበላሽ አርጅቶ ነው ይላል። አንቺንም አስነሳሽው ብሎ ይመርቅሻል። አለቀ!»

ሳሊሀ እጇን ወደ ዳሽቦርዱ ሰደደች። አምፖሏ በሁለት ጣት ትወጣለች። አባቷም እውነትም ይመርቃታል፤ ክልከላውም ይነሳላታል። ግን ከዋጃ ሲመለስ ይመሻል። የፊት መብራቱን ሲያበራ ባትሪው ያልቅና ከባድ መኪኖች በሚከንፉበት አስፋልት ላይ ጨለማ ውስጥ ይቆማል። እጇን መለሰች።

የግቢው በር ተንቋቋ። ሙሀመድሰይድ ብቻውን ነው፤ መካኒኩ ሮቢት ሄዷል። የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ ባለበት ደረቀ።

«ማን ንኪው አለሽ?»

«ማንም። አትንኪ ብለኸኝ ነበር፤ ነካሁት።»

«ውረጂ!»

«አልወርድም።» መሪውን በሁለት እጇ ያዘች። «መጀመሪያ ይህችን መብራት እያት፣ አባ። ዲናሞው ተቃጥሏል፤ ሳይሠራ ዋጃ እንዳትሄድ። ገመዱ ተገልብጦ ታስሮ ነው። ማን እንደገለበጠው ኢብሮ ይንገርህ። ካልነገረህ እኔ እነግርሃለሁ።»

ሙሀመድሰይድ መብራቷን አየ፤ ከዚያ ወደ ወንድ ልጁ ዞረ። ኢብሮ በጫማው አፈሩን ጫር ጫር አደረገና የሆነ ነገር አጉተመተመ። የጉራማይሌ ጩኸት ዋጠው።

ሳሊሀ ቁልፉን መልሳ ሞተሩን አጠፋችውና «አሁን ድገመው፣ አባ ይስማህ» አለች። ከመሪው ፊት ግን ንቅንቅ አላለችም።