ተክሉ ያልጨረሳት ሰንጢ

እኔ የሞተ ሰው ድምፅ ተሰማ፣ ጥላው ታየ ሲባል የምስቅ ሴት ነበርኩ፣ ሳቄም የድፍረት አይደለም፣ ያደግኩት ወንጌል በሚነበብበት ቤት ነው፣ ጎረቤት "ጴንጤዎቹ" እያለ የሚጠራን ሰዎች ነን፣ ለእኛ የሞተ ሰው ጌታው ዘንድ ሄዷል፣ ወደዚህ አይመላለስም። ስለዚህ ይህን የማወራችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም፣ እመኑኝ፣ በጆሮዬ ባልሰማውና በእጄ ባልዳስሰው ኖሮ፣ ሌላ ሰው ቢነግረኝ ትንሽ ተኛበት ይለቅሃል ብዬ ነበር የምሸኘው።

ጊዜው ደርግ ነው፣ ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ በየሰው ቤት ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምንጸልይበት። የምንኖረው የካ፣ ከኮረብታው ሥር፣ ባሕር ዛፍ መሐል ባለች የጭቃ ቤት ውስጥ ነበር፣ እኔ፣ ባለቤቴ ተክሉና እናቱ እማማ በላይነሽ። ተክሉ ቀን ቀን መሥሪያ ቤት ወረቀት ሲያገላብጥ የሚውል ሰው ነው፣ ሲመሽ ግን ሰዓት እላፊው ሁሉንም ሰው እቤቱ ሲከትተው፣ ሌላው ካርታ ሲጫወት እሱ ጓሮ ካለችው የዕቃ ክፍል ገብቶ ሰንጢ ይሠራል። አዎ ሰንጢ፣ ያቺ ታጥፋ ኪስ የምትገባዋን። መርካቶ ወርዶ መግዛት ይችል ነበር እኮ፣ ግን "በእጄ የሠራሁት አንድ ነገር ኪሴ ውስጥ ይኑር" ነው የሚለኝ። ስለቷን ጉርድ ሾላ መንገድ ዳር ተበላሽቶ ከቀረ የጭነት መኪና ባሌስትራ ቆርጦ አወጣት፣ እጀታዋን ከበሬ ቀንድ ሠራላት፣ ብረቱን በከሰል አግሎ ኑግ ዘይት ውስጥ ሲነክረው ደግሞ ግቢው ሁሉ ይሸታል።

"ኧረ ተክሉ፣ ዘይቱ እኮ ለወጥ ነው!" ስለው፣

"እሷም ወጥ አማራት" ብሎ ይስቃል።

ያስቸገረችው ከጀርባዋ የምትገባው ሞላ ነበረች፣ ስለቷ ስትዘረጋ ቀጭ ብላ እንድትቆም የምታደርጋት ማለት ነው፣ ከወፈረች ሰንጢዋ አትከፈትም፣ ከሳሳች ደግሞ ትሰበራለች፣ ስንቷን ሰብሮ ጣለ መሰላችሁ። ብረት ነክሶ በሚይዘው ሞርሳ ላይ ያስራትና በሞረድ ቀስ አድርጎ ይሞርዳታል፣ ክርር፣ ክርር፣ ከዚያ እፍ ብሎ ብናኙን ያራግፋል፣ እንደገና ክርር። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ያንን እየሰማሁ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ።

ሞላዋ ሳታልቅ ለዘመቻ ተጠራ። የሄደ ዕለት ጠዋት የዕቃ ክፍሏን ቆልፎ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠና "ሞርሳው ላይ እንዳሰርኳት ነው፣ ትንሽ ነው የቀራት፣ እንዳትነኳት" አለኝ፣ ሌላ ብዙ ነገር የሚለኝ መስሎኝ ነበር፣ ዘማች የሚጭነው መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ሮጠ። መጀመሪያ ሰሞን ለፈቃድ በሚመጡ ወታደሮች ሰላምታ ይልክልን ነበር፣ ቆይቶ ሰላምታውም ቀረ። ቁልፉ መቀነቴ ጫፍ ላይ እንደተቋጠረ ነው፣ ስተኛም አልፈታውም።

የማወራችሁ ነገር የሆነ ዕለት ክረምት ነው፣ ገና አመሻሹ ላይ፣ በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆይቶ ድንገት ቀጥ አለ፣ መብራትም ጠፋ። እኔ መስኮቱ ሥር በቀረችው ብርሃን ምስር እለቅማለሁ፣ እማማ በላይነሽ መደቡ ላይ ኩርምት ብለዋል። ከጓሮ በኩል የሆነ ነገር ሰማሁ፣ አይጥ ነው አልኩ፣ ቀጥሎ ከጣራው የሚንጠባጠብ ውሃ ነው አልኩ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለራሴ ያልሰጠሁት ምክንያት የለም። ከዚያ ድምፁ ቆመና እፍ የሚል ትንፋሽ መጣ። ምስሩ ከነሰፌዱ ከእጄ ወደቀ።

እማማ በላይነሽ ቀድመውኝ ተነሥተዋል። "ሰምተሻል አይደል?" አሉኝ።

"ምኑን እማማ?"

"ልጄን ነዋ!"

ተያይዘን ወጣን። ግቢው በበረዶው ነጭ ሆኗል፣ ጨው የተበተነበት ነው የሚመስለው፣ እስከ ዕቃ ክፍሏ ደጃፍ ድረስ የሰው ዱካ ቀርቶ የወፍ እግር የለበትም፣ በሩ ላይ ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ተንጠልጥሏል፣ ክፍሏ ደግሞ መስኮት የላትም። ከውስጥ ክርር፣ ክርር፣ እፍ። እኔ የመቀነቴን ቋጠሮ ስታገል እማማ በላይነሽ ግንባራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው፣

"ተክሉ? ልጄ፣ አንተ ነህ?" አሉ።

ድምፁ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ቀጭ አለ፣ አንዴ ብቻ።

በሩን ስከፍት ማንም የለም። የኑግ ዘይት ሽታ ፊቴን መታኝ፣ ያቺ ክፍል እሱ ከሄደ ወዲህ ማንም አልገባባትም። ክብሪት ጫርኩ፣ ሞርሳው አፉን ከፍቷል፣ ሞላዋ የለችበትም፣ ሰንጢዋ ተገጣጥማ፣ ተዘርግታ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች፣ ከሥሯ አቧራው ላይ የሚያብረቀርቅ አዲስ የብረት ብናኝ። አነሣኋት። ትሞቃለች። በዚያ ብርድ፣ አሁን ከሰው እጅ የተቀበልኳት ያህል ትሞቃለች። እማማ በላይነሽ ነጥቀውኝ ጉንጫቸው ላይ አደረጓትና እስክትቀዘቅዝ ድረስ ከዚያች ክፍል አልወጡም።

አብሮን ለሚጸልይ አንድ የእምነት ወንድም በሹክሹክታ ነገርኩት። "እህቴ፣ የሞተ አይመለስም፣ ታውቂያለሽ" አለኝ። አውቃለሁ፣ አውቄ ነው የተጎዳሁት፣ የሞተ ካልተመለሰ ተክሉ በሕይወት አለ ማለት ነው ብዬ ያዝኩ፣ መኪና በቆመ ቁጥር ደጅ መውጣት ጀመርኩ።

ክረምቱ አልፎ ብዙ ከቆየ በኋላ ሽማግሌዎች አንድ ክራንች የያዘ ወታደር አስከትለው መጡ። "ወንዝ ስንሻገር ተኩስ ተከፈተብን፣ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም" አለ ወታደሩ፣ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

"ሬሳውን አይተሃል?" አልኩት።

"አላየሁም፣ እህቴ።"

ለቅሶ ተቀመጥን። ሰው ሁሉ ያለቅሳል፣ እኔ እንባ እምቢ አለኝ፣ ሞቷል ብዬ እንዳላለቅስ ያን ድምፅ ሰምቻለሁ፣ አለ ብዬ እንዳልጠብቅ፣ ካለ እንዴት አጠገቤ ደርሶ ፊቱን ሳያሳየኝ ይሄዳል? እማማ በላይነሽም አላለቀሱም። ሰዉ ሲሳሳ ጠጋ አሉኝና ማንም እንዳይሰማ በጆሮዬ፣

"ልጄ፣ ያን ዕለት ስሙን ባልጠራው ኖሮ ይቆይ ነበር?" አሉኝ።

ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለስኩላቸው። እሳቸውም እስኪሞቱ ድረስ ደጋግመው ጠየቁኝ፣ አልጋ ላይ ውለው እንኳ፣ አፋቸው መናገር ሲሳነው በዓይናቸው። አሁን እኔም አርጅቻለሁ፣ ቤቱም ፈርሶ ሌላ ቦታ ነው ያለሁት፣ ግን ከተዘጋ በር ጀርባ ኮሽ ሲል ብሰማ ማነው ብዬ አልጣራም፣ ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ።