በውሃ የሰለጠኑ

ልጅቷ በቲማቲሙ መደዳ መሃል የመድኃኒት መርጫውን እንዳዘለች በጎኗ ወድቃ ተገኘች። ጓንት አጥልቃለች፤ ቦቲ ጫማዋ እስከ ጉልበቷ ነው። ሐኪሙ መርዙ በአፏ መግባቱን ተናገረ። ባለ እርሻዋ ግን ሬሳው ሳይነሳ ፍርዷን ሰጥታ ጨርሳለች።

«ጠጥታው ነው። ራሷን አጠፋች።»

«ሊሞት የተነሳ ሰው ለእጁ ጓንት አያደርግም፣ እትዬ» አለ ኢንስፔክተሩ።

ዓይኑን ከደን አድርጎ ስለሚያዳምጥ ባልደረቦቹ «እንቅልፎ» ይሉታል። በዚያ እንቅልፍ የተሞኙ ብዙዎች ዛሬ ወህኒ ቤት ናቸው። ጎንበስ ብሎ የመርጫውን ጫፍ ፈታ። ከቀዳዳው ጀርባ ግማሹ የወጣ የጆንያ ክር ተጠቅጥቋል።

«ካቦ፣ ይሄ ክር ከመድኃኒቱ ጋር ሊመጣ ይችላል?»

የሠራተኞቹ አለቃ ከሰላምታ ይልቅ ስድብ የሚቀናው ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ድምፁ ዝቅ ብሏል። «በየት በኩል? ታንከሩ አፍ ላይ ወንፊት አለ፤ እጀታው ውስጥ ሌላ ወንፊት አለ። ትንኝ አታልፍም።»

«እንግዲያው ክሩን ሰው ነው ያስገባው።»

ምርመራው ቲማቲም በሚታሸግበት መጋዘን፣ በተደረደሩ ሳጥኖች መካከል ተጀመረ። ባለ እርሻዋ ቀድማ ገባች።

«የእርሻ ማሰልጠኛው በየዓመቱ ልጆች ይልክልኛል። ዲፕሎማቸው ላም አለኝ በሰማይ ነው! አረም ንቀሉ ሲባሉ ቲማቲሙን የነቀሉ አሉ። ዘንድሮ ሁለት ተቀበልኩና የምቀጥረው አንዱን ነው አልኳቸው።»

«ማንን ሊቀጥሩ ነበር?»

«እሷን። ትናንት ለሁለቱም ነግሬያቸዋለሁ። እሷ ያላወቀችውን ትጠይቃለች፤ እሱ ሁሌ ያውቃል።»

ቀጥሎ ካቦው ተጠየቀ። «ልጅቷ መርጫ ስትይዝ አይተሃት ታውቃለህ?»

«ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው። እስከ ትናንት ለቀማ ላይ ነበረች፤ የሚረጨው አብሯት የመጣው ጓደኛዋ ነበር፤ ጠዋት መርጫውን ያስረከባትም እሱ ነው። እሱም ባለፈው ጫፉ ሲደፈንበት አፉ ውስጥ ከቶ ሊነፋው! እጁን መታሁት። ይገድልሃል፣ በብሩሽ ጥረገው፣ ለእሷም ንገራት አልኩት።»

«ራስህ ለምን አልነገርካትም?»

ካቦው መሬት መሬቱን አየ። «ሥራ ነበረብኝ።»

ጓደኛዋ በማሰልጠኛው ከአንደኝነት ወርዶ ስለማያውቅ «ሰቃዩ» ይባላል። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል፤ ለቅሶውም የውሸት አልነበረም።

«ስለ መርጫው ያስጠነቀቃችሁ ሰው ነበር?» አለው ኢንስፔክተሩ።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ማንም የነገረን የለም!»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። ከማሰልጠኛው አሰልጣኙ ተጠርቷል፤ ሬሳዋን ሊወስድ የመጣው አባቷ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ኢንስፔክተሩ ጠረጴዛው ላይ ንጹህ ውሃ የተሞላ አዲስ መርጫ አኖረ። ጫፉ ተደፍኗል፤ አጠገቡ ብሩሽ አለ።

«ቲቸር፣ እስቲ ይክፈቱት።»

አሰልጣኙ ብሩሹን አላየውም። ጫፉን አፉ ውስጥ ከትቶ ነፋው። «እንዲህ ነው የማስተምረው። መድኃኒት መግዣ በጀት የለንም፤ በውሃ ነው የሚለማመዱት።»

ኢንስፔክተሩ ጫፉን እንደገና ደፍኖ ለሰቃዩ ሰጠው። የልጁ እጅ ሳያስበው ብሩሹን አነሳ።

«ውሃ እኮ ነው። እንደተማርከው ንፋው» አለው ኢንስፔክተሩ።

ልጁ ጫፉን ወደ ከንፈሩ አስጠጋና መልሶ አወረደው። አልቻለም።

«ክሩን የጠቀጠቀው ሰው ሁለት ነገር ያውቃል» አለ ኢንስፔክተሩ። «ልጅቷ በአፏ እንደምትነፋ፣ መንፋቱም እንደሚጎዳ። እትዬ መርጫ ይዛ አላዩዋትም። ቲቸሩ ልማዷን ያውቃል፤ ጉዳቱን ግን ቢያውቅ ኖሮ ባላስተማረ፤ ጠዋትም ክፍል ውስጥ ነበር። ካቦ አደጋውን ያውቃል፤ ግን ሊገድል ያሰበ ሰው ንገራት ብሎ አይልክም። የቀረኸው አንተ ነህ። ማንም አልነገረኝም አልክ፤ ብሩሹን ማን አስተማረህ?»

ሰቃዩ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። «እንድትታመም ብቻ ነበር! ጥቂት ቀን ከቀረች ቦታውን ለእኔ ይሰጡኛል ብዬ ነው። አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። የቤተሰቤ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነው።»

ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ኢንስፔክተሩ ገዳዩን አግኝቶ እንደዚያ ቀን የከፋው ጊዜ አልነበረም።

«ከእንግዲህ ከእናንተ ቤት አንድ ሰው አልቀበልም» አለች ባለ እርሻዋ ለአሰልጣኙ።

«ሥራውን እናንተ ጋ ካላዩት የት ሊያዩት ነው?»

«እኔ ያለኝ እርሻ ነው፤ ትምህርት ቤት አይደለም።»

«እኛም ያለን ትምህርት ቤት ነው፤ እርሻ የለንም።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር፤ ተስፋ የሚያስቆርጠውም እሱ ነው። ጭቅጭቁ ሲበርድ አባትየው ከሳጥኑ ላይ ተነሳ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ባለ እርሻዋ ፊት ቆመ።

«እመቤቴ፣ ቦታው እንግዲህ ባዶ ነው አይደል? ታናሿ አለች። እዚያው ማሰልጠኛ ናት፤ ዘንድሮ ትጨርሳለች።»

ሰውየው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ጠበቀ።

«የሚሏትን ትሰማለች» አለ። «ብቻ ንገሯት።»