የባላምባራስ ንጉሴ ውጅግራ ዕድሜ

ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፹፯ ዓ.ም.፤ ደርግ ወድቆ የሽግግሩ መንግሥት አራተኛ ዓመቱን በያዘበት ወራት፥ የሐብሩ ወረዳ ማሽላ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፤ የመርሳ ወንዝም በብርቱካኑ ማሳ ሥር ጠርቶ ይወርዳል። በዚያ ማለዳ የሰባ አምስት ዓመቱ ሽማግሌ ባላምባራስ ንጉሴ ካሳዬ፥ የአያታቸውን ውጅግራ ጠመንጃ በጋቢ ጠቅልለው ከቀያቸው ከግራና ወደ መርሳ ተነሡ፤ ከጎናቸውም የልጅነት ባልንጀራቸው ሐጂ ሙሄዲን ጀብሪል ነበሩ።

ያስኬዳቸው የመሣሪያ ምዝገባ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ጠመንጃ ቅርስ ተብሎ ለባለቤቱ እንዲቀር፥ ከዚያ ያነሰው ግን ለመንግሥት ገቢ እንዲሆን ተነግሮ ነበርና፥ ባላምባራስ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወረደላቸውም። እሳቸው ሁልጊዜ የሚተርኩት፥ አያታቸው ጠመንጃውን በመቅደላ ከእንግሊዝ ወታደር እንደማረኩት ነው፤ ሐጂ ደግሞ የገዛ አያታቸው ከታጁራ ወደብ በበቅሎ አምጥተው ለባላምባራስ አያት እንደሰጧቸው ይናገራሉ። በዚህ ነገር ስድሳ ዓመት ተከራክረዋል።

«ሐጂ፥ ለዛሬ ብቻ የመቅደላ ነው ብለው ይመስክሩልኝ» አሉ ባላምባራስ በመንገድ።

«በሐሰት አልመሰክርም፤ ከጎንዎ ግን አልለይም» አሉ ሐጂ።

መርሳ ሲደርሱ፥ ከመሣሪያ መዝጋቢው ጠረጴዛ አጠገብ፥ የጠመንጃዎቹን ዕድሜ እንድታረጋግጥ ከወልድያ የተጠራችው የታሪክ መምህርት ማህሌት ተቀምጣለች። ጠመንጃውን በአክብሮት ተቀብላ፥ ላምባ በነካ ጨርቅ የዘመናት ቅቤና ጥላሸቱን ቀስ እያለች ጠረገችው፤ ከብረቱም ላይ ፊደልና ቁጥር ወጣ።

«ባላምባራስ፥ ይህ የእንግሊዝ አይደለም፤ የፈረንሳይ ሥራ ነው» አለች። «ይህቺ ፊደል የተሠራበት ከተማ ምልክት ናት፤ ቁጥሩ 1877 ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ግድም ነው።»

«መቅደላስ መቼ ነበር፥ ልጄ?»

«በሺህ ስምንት መቶ ስድሳ ዓ.ም. ነው፥ አባቴ።»

ባላምባራስ «እንግዲያ አያቴ ጠመንጃው ከመሠራቱ አሥር ዓመት በፊት ማርከውታል» አሉ። ቤቱ ተራ በሚጠብቀው ሰው ሳቅ ተሞላ፤ ሐጂ ግን ወዳጃቸውን ላለማሳፈር አቀርቅረው ቀሩ።

መዝጋቢውም አልሳቀም። «ዕድሜው መቶ አሥራ ሰባት ነው፤ ጥይቱም ዛሬ አይገኝም፤ ለቅርስነት ይበቃል። ነገር ግን እንዴት እንደተገኘ ያልታወቀ መሣሪያ አልመዘግብም» አለ።

ባላምባራስ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ። «አባቴ ሊሞቱ ሲሉ እውነቱን ነግረውኛል» አሉ። «ሽፍታ በሐራ ቆላ የሐጂን አያት ጭነት በከበበ ጊዜ፥ አያቴ ጦር ብቻ ይዘው ወርደው አስጣሏቸው፤ የሐጂም አያት ወንድሜ ብለው ይህን ሰጧቸው። እኔ በወጣትነቴ፥ ከተቀበለ ሰው የማረከ የሚበልጥ መሰለኝ፤ በኋላም የተናገርኩትን ለማጠፍ አፈርኩ።»

ሐጂ ቀና አሉ። «እውነቱን እንደሚያውቁ አውቅ ነበር፤ አባትዎ ሲነግሩዎት በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ምነው ዝም አሉኝ?»

«ክርክሩ እንዳይቀርብን ብዬ ነዋ።»

ባላምባራስ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ ሁለቱም ተቃቀፉ፤ መዝጋቢውም ፈገግታውን በመዝገቡ ሸሽጎ መጻፍ ጀመረ።

በዚያ መዝገብ ላይ የጠመንጃው ስም፥ የተሠራበት አገርና ዘመን በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ሰፍሯል፤ አመጣጡ በሚለው ሥር ግን «በስጦታ» ከሚል አንድ ቃል በቀር የለም። ሰጪውም ተቀባዩም ስማቸው አልተጻፈም፤ መዝገቡ ለስም ቦታ አልተወምና። ብረቱ ሠሪውን ሲያስታውስ ኖረ፤ በዚያ ቀን ግን ሁለት ሽማግሌዎች ውጅግራውን በየተራ እየተሸከሙ፥ የስድሳ ዓመቱን ክርክር እየደገሙና እየተሳሳቁ ወደ ግራና መመለሳቸውን፥ የመንገዱ ዳር ሰዎች አዩ እንጂ የመዘገበው የለም።