ዶሮዎቹ ሲጀምሩ

ማሬን አራተኛውን እንቁላል ከዶሮ ቤቱ ጀርባ በረዶው ውስጥ ጣለችና በጫማዋ ደፈጠጠችው። «ምን አስቸኮላችሁ!» አለች ወደ ዶሮዎቹ ዞራ፣ ከልቧ ተናዳ።

ዶሮዎቹ ምን ያድርጉ? ቀኑ ሲያጥር እንቁላል መጣል ያቆማሉ፣ ሲረዝም ይጀምራሉ፤ ሚኒሶታ ውስጥ ይህን የማያውቅ የገበሬ ልጅ የለም። አባቷም አሳምሮ ያውቃል። ኅዳር ላይ ጎረቤት ግዛት ዳኮታ ወዳለው የነዳጅ ጉድጓድ ለሥራ ሲሄድ የሰባት ዓመት ወንድሟን ኒልስን አቅፎ፣ «ዶሮዎቹ እንቁላል መጣል ሲጀምሩ እመጣለሁ» ብሎት ነበር። ባለፈው ሳምንት ለእናታቸው ደወለ። እዚያው ከሌላ ሴት ጋር መኖር ጀምሯል፤ አይመለስም። እናቷ ለማሬን ብቻ ነገረቻትና፣ «ለኒልስ እኔ እስክነግረው ዝም በይ» አለቻት። እስካሁን አልነገረችውም።

ኒልስ ጨለማ ይፈራል። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ አስራ አንድ ሰዓት ላይ በድንግዝግዝታ ሲያወርዳቸው የቤቱ በር ላይ ቆሞ «እንቁላል አለ?» ብሎ ይጮሃል፤ እሷ ከዶሮ ቤቱ «የለም!» ትላለች። ቀኑ በየዕለቱ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢጨምርም፣ ሰሞኑን ደመናው ቶሎ እያጨለመ አግዟት ነበር።

በማግስቱ ሰማዩ ጠራ። ከአውቶቡሱ ሲወርዱ ፀሐይ ገና ከጥዶቹ በላይ ነበረች።

«ዛሬ እኔ ነኝ የማየው!» አለ ኒልስ ቦርሳውን ወርውሮላት።

«ቆይ፣ አብረን...»

«ብርሃን ነው'ኮ! ማን ፈራ?»

ስትደርስበት አንድ እንቁላል በሁለት እጁ ይዞ ከዶሮ ቤቱ ወጣ። «ማሬን፣ ገና ትኩስ ነው! አባዬ ለመምጣት ስንት ቀን ይፈጅበታል?»

«መንገዱ በረዶ ነው» ልትለው አሰበች። ነገ ምን ልትል ነው? ከነገ ወዲያስ? ሰለቻት።

«ከጀመሩ አምስት ቀናቸው ነው» አለችው። «እየደበቅኩብህ ነበር።»

የኒልስ ፊት ተለዋወጠ። «ታዲያ አባዬ አላወቀማ! እየጠበቀን ነበር! በአንቺ ምክንያት ነው የቀረው!»

«አይደለም፣ ኒልስ።»

«ነው! ውሸታም! አልወድሽም!»

ማሬንን አመማት። አባቷ ላጠፈው ቃል እሷ ስትዋሽ ሰንብታ፣ ጥፋቱም በእሷ ላይ ወደቀ። እናቷ ከሥራ እስክትመለስ ገና ሁለት ሰዓት ይቀራል። ስልኳን አወጣችና የአባቷን ቁጥር ነካች።

«ጀምረዋል በለው» አለች። «ራሱ ይንገርህ።»

እንቁላሉን ተቀብላ ስልኩን አስያዘችው።

«ሄሎ፣ ማሬኔ!» አለ የአባቷ ድምፅ፣ ደስ ብሎት። እሷ ኒልስ አጠገብ ቆማ ጠበቀች።