የአናጢው የሆድ ውጋት

አናጢው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነው የሞተው። ሚስቱ ጠዋት ልትቀሰቅሰው ስትመጣ፣ ሙቅ ውሃ የነበረበትን ጠርሙስ ሆዱ ላይ ታቅፎ ቀዝቅዞ ነበር። ሐኪሙ ሬሳውን መርምሮ «ጣፊያው ተቀዶ ደም ሆዱ ውስጥ ፈሷል» አለ። ጎረቤት ደግሞ የሐኪም ቃል መቼ ይበቃዋል፤ «አሽታ ገደለችው» ብሎ ፈረደባት። የሚያሳዝነው እሷም ማመኗ ነው።

ጉዳዩን የያዘችው የፖሊስ መርማሪ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ማሸቱ ከየት መጣ?»

«ከወንድሙ። ‹ቁምሳጥን ስናነሳ የሆዱ ጡንቻ ተሳስቦበት ነው፤ በዘይት አሽተሽ ሙቅ ውሃ ያዢለት› አለኝ። ባሌ ዝም አለ።»

«ሲታሽ ተኝቶ ነበር?»

«መቼ መተኛት ቻለ። ጋደም ሲል ግራ ትከሻው ድረስ ይወጋዋል። ቁጭ እንዳለ አመሸ።»

ያን ማታ ተጠርተው የነበሩት ሽማግሌ ወጌሻም ይህንኑ አሉ። «ትከሻዬን ሲል ደስ አላለኝም። ሳልነካው ወጣሁ።»

«ሐኪም ቤት ይሂድ አላሉም?»

ወጌሻው ጣቶቻቸውን ያዩ ጀመር። «ያልፋል ነው ያልኩት» አሉ።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ከእሱ ጋር አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ይሠራ ነበር። ችኩል ስለሆነ ሰው ሁሉ «ጥድፊያ» ይለዋል፤ መልስም የሚሰጠው ሳይጠየቅ ነው። «ጋሼን የጎዳው ቁምሳጥኑ ነው» አለ። መርማሪዋ ወርክሾፑ ገብታ ቁምሳጥኑን አየችው። ጎኖቹ ገና ሳይገጠሙ ግድግዳ ተደግፈዋል። ሌላ ቁምሳጥን የለም። ከዚያ የእንጨት መሰንጠቂያውን ማሽን ዞራ አይታ፣ ሚስቲቱንና ወጌሻውን እዚያው አስጠራች።

«የተሳሳበ ጡንቻ ሲነሱ፣ ሲያስሉ፣ ሲስቁ ያማል» አለች ሲሰበሰቡ። «ጋደም ሲሉ ግን ይታገሣል፤ እረፍትና ሙቀት የሚበጀውም ለዚያ ነው። የሟቹ ሕመም ሲተኛ ባሰ፣ ትከሻውንም ወጋው። ውስጥ የፈሰሰ ደም እንዲህ ያደርጋል። ጣፊያ ደግሞ ምት ካላገኘው እንዲህ በቀላሉ አይቀደድም። ቁምሳጥን አልተነሳም፤ ገና አልተገጠመማ። ማሽኑን እዩት፤ ሁለመናው ሰጋቱራ ለብሷል፣ ጣውላ እንዳይፈናጠር የሚይዘው የመጋዙ ሽፋን ብቻ ንጹሕ ነው። ሥራ እንዲፈጥን ተፈትቶ ነበር። ጣውላው ተፈናጥሮ ሆዱን መታው። ሽፋኑ ተጠርጎ የተገጠመው ከዚያ በኋላ ነው።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ጥድፊያ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ነኝ የፈታሁት። ሐኪም ቤት ከሄደ ‹ምን መታህ› ይሉታል፣ ያስሩኛል ብዬ ፈራሁ። ጋሼ ዝም ያለው ለእኔ ሲል ነው።» ወደ ሚስቲቱ ቀና አለ። «እትዬ፣ አንቺ አልገደልሽውም። ሰው ሲፈርድብሽ እየሰማሁ ዝም አልኩ።»

ሚስቲቱ አላየችውም። ወደ መርማሪዋ ዞረች።

«ያን ማታ ወስጄው ቢሆን ይተርፍ ነበር?»

መርማሪዋ መዋሸት አማራት፤ አልሆነላትም። «ሊተርፍ ይችል ነበር» አለች።

«ሲብስበት ሐኪም ቤት ውሰጂኝ ብሎኝ ነበር» አለች ሚስቲቱ። «ወንድምህ ጡንቻ ነው ብሏል፣ አርፈህ ተቀመጥ አልኩት።»